ለእናቴ ብዬ እስከ ሞያሌ

ከእናንተ መካከል ሞያሌን ያያት ያለ አይመስለኝም። እኔም ብሆን ያየሁት በኬንያ በኩል ያለውን እኩሌታዋን ነው። ከተማዋ አንድ፣ ስሟም አንድ፤ መካከሏን ግን ድንበር ያልፍባታል። ማዶው ኢትዮጵያ፣ ወዲህ ኬንያ። ደብረ ሲና ያላችሁ የማኅበር እህቶቼም፣ እዚህ ናይሮቢ "መንገዱ እንዴት ነበር?" እያላችሁ የጠየቃችሁኝም፣ ለሁላችሁ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። አንባቢን አፉን አስከፍቼ ማቆየት አልወድም፤ እኔው ራሴ ተቆይቶብኛልና። ይህን መንገድ ስጀምር እናቴ ሞታ፣ ተቀብራ፣ ሠላሳዋም ወጥቶ ነበር። ከቤተሰቡ ያላወቅሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናይሮቢ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ። የያዝኩት የስደተኛ ወረቀት ኬንያ ውስጥ ያኖረኛል እንጂ ድንበር አያሻግረኝም፤ ወደ አገሩ የገባ ሰው ወረቀቱ ይሰረዝበታል ተብለናል። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እናቴን ያገኘኋት በስልክ ነው። አምና ታዲያ አንድ ቀን፣ "አንቺ ወደ ላይ ውጪ፣ እኔ ወደ ታች ልውረድ፣ ሞያሌ ላይ እንገናኝ" አለችኝ። ከአዲስ አበባ አልፋ የማታውቅ ሴት! ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን ሊያመጣት ተስማማ። ቀኑ ሲቃረብ ድምጿ ጠፋብኝ። "ጉንፋን ጉሮሮዋን ዘግቷታል" አለኝ ጌታሁን። አመንኩት። ለምን አላምነውም?

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ፣ ወረቀቴንና የመንቀሳቀሻ ፈቃዴን በላስቲክ ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ገባሁ። ለእናቴ ከያዝኩላት ሁሉ ዋናው ጫማ ነበር። እግሯ ስለሚያብጥ ከላይ የሚለጠጥ፣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ፣ ኢስሊን ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ያገኘሁት። ሻጩ ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "የደብረ ሲናን ዳገት ለምትወጣ ሴት" አልኩት። እሱ ምኑን ያውቀዋል!

እስከ ናኑኪ አገሩ ለምለም ነው፤ ስንዴው ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ተዘርግቷል። ኢሲኦሎን ሲያልፉ ግን መሬቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይመጣል፤ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ጆሮ ጢው እንደሚለው የእኔም ጢው አለ። ከዚያ ወዲያ ፖሊስ ነው። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር "ኪፓንዴ!" ይላሉ፤ መታወቂያ አውጡ ማለታቸው ነው። የሌላው ሰው በዐይን ጥቅሻ ያልፋል። የእኔ ወረቀት ግን ይገለበጣል፣ በብርሃን ይታያል፣ ደግሞ ይገለበጣል። ተሳፋሪው ሁሉ በእኔ ምክንያት ፀሐይ ላይ ይቆማል። አንገቴን ደፍቼ ስመለስ አንድ ሽማግሌ "ፖሌ፣ ማማ" አሉኝ። አይዞሽ እንደማለት ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ማርሳቢት ስንደርስ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ፤ ጉም። በበረሃ መካከል ያለ ተራራ ነው፤ ጉሙ የጣርማ በርን ጉም ቁርጥ። እዚያው አደርኩ፤ መንገዱን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ጉልበቴ አይችልም። ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ስለማላውቅ ባቄላ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ በላሁ። የማደሪያው ባለቤት ሲበርደኝ አይታ የራሷን ብርድ ልብስ ደረበችልኝና በጥቅሻና በእጅ፣ የት ነው የምትሄጂው አለችኝ። "ማማ" አልኩና ወደ ሰሜን ጠቆምኩ። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ረቡዕ

ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ ያለው በረሃ ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት ነው። የሚታይ ቤት የለ፣ የሚታይ ዛፍ የለ፤ አንዳንዴ ግመል ብቻ ራሷን ቀና አድርጋ ታሳልፋችኋለች። እኛ አገር ድንጋይ ሲበዛ አጥር ይሆናል፣ ካብ ይሆናል፤ እዚህ ግን ማንም ያልነካው ድንጋይ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠች የቦረና ሴት የግመል ወተት በጄሪካን ይዛ ነበር። መንገዱ ላይ አንድ ቦታ ሹፌሩ ለፍየሎች ፍሬን ሲይዝ ክዳኑ ተፈናጥሮ ወተቱ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። ዕለቱ ረቡዕ፣ ጾም! የሆዴን ባልናገርም ፊቴ ተናግሮ መሆን አለበት። ሴትዮዋ የምትጠጣውን ውሃ፣ ያችኑ የያዘቻትን አንዲት ጠርሙስ፣ ከፍታ የነጠላዬን ጥለት አጠበችው። "ተይ፣ ውሃሽን!" አልኳት በአማርኛ። በኦሮምኛ መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ በጥም አፏ ደርቆ ሳይ ከራሴ ውሃ ሰጠኋት። ተቃቅፈን ነው የወረድነው።

ጌታሁንን መናኸሪያው ላይ ቆሞ አየሁት። ከኋላው ሚስቱ ዘውድነሽ ነበረች። ከእሷ ኋላ ማንም የለም።

"እማዬስ?"

"መንገዱ ከበዳት፣ እትዬ። ከቤት አልተነሣችም።"

ከዚያ ሁለቱም እላዬ ላይ ተንሰቀሰቁ። እኔም አለቀስኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ናፍቆት ነው ብዬ የዘውድነሽን ጀርባ እየመታሁ ያባበልኳት እኔ ነኝ። ዐይኔ እያየ በእናቴ ላይ ሲያለቅሱ እኔ "በቃ፣ በቃ፣ ይኸው ተገናኘን" እላለሁ።

ያረፍነው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የወይዘሮ አስካለ ሆቴል ነው። የወሎ ሰው ናት፤ ሞያሌ ከገባች ብዙ ዘመኗ። ክፍሎቹ ስድስት ቢሆኑ ነው፤ ግቢው መካከል አንድ ግራር አለ። ሽሮዬን አቅርባ፣ "እዚህ አገር ውሃው በጄሪካን ይሸጣል፣ ወሬው በነፃ ነው፤ እንደልብሽ ጠጪ" አለችኝ። ሳቅሁ። ጫማውን ለዘውድነሽ ሰጠኋትና "ለእማዬ አድርሺልኝ፣ ቢጠብሽ እንኳ ይለጠጣል በያት" አልኳት። ጫማውን ተቀብላ "አቧራ እንዳይነካው ላስቀምጠው" ብላ ወጣች። ቆየች።

ሐሙስ

ከተማውን ልናይ በጠዋት ወጣን። ሞያሌ ነፋስና ቀይ አፈር ናት። የእኛ ደብረ ሲና ዳገቱን ተደግፋ ትቆማለች፤ ሞያሌ ግን ሜዳው ላይ የተሰጣች ትመስላለች። ነጋዴው በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ይከራከራል፤ ዋጋውን በስዋሂሊ ይቆርጣል። አንድ የሚገርም ነገር፣ ስዋሂሊዎቹ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ አገር ጋር ያስማማኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

እስከ ድንበሩ ዘለቅን። ጌታሁን ሊያስቀኝ ብሎ፣ "እይ እትዬ፣ ወዲያ በቀኝ ሲነዳ የመጣው እዚህ ሲደርስ በግራ ይሆናል። መኪና እንኳ ሃይማኖት የሚቀይርበት ቦታ ነው" አለ።

"አንተ፣ በሃይማኖት አትቀልድ" አልኩት፤ ግን ሳቅሁ።

ሴቶች ሽንኩርት ተሸክመው ያልፋሉ፤ ተማሪዎች ያልፋሉ፤ ፍየሎች ያልፋሉ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኔ ብቻ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወረቀቴን ጉያዬ ውስጥ በእጄ ዳሰስኩት። ነፋሱ ሲያመች ከማዶ የቅዳሴ ድምፅ ይሰማል ብላኝ ነበር አስካለ፤ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ የጭነት መኪና ብቻ ነበር።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ክፍላችን ገብተን ጋደም አልን። ዘውድነሽ ግን ሻሿን ጥብቅ አድርጋ እንዳሰረች ነው።

"ፍቺው እንጂ፣ ልጄ። ማን ያይሻል?"

"ራሴን ያመኛል፣ እትዬ። ሲታሰር ይሻለኛል።"

ጌታሁን ያን ቀን ሦስት አራት ጊዜ "እትዬ" ብሎ ጀመረኝ። "አቤት" ስለው፣ አንዴ "ርቦሻል?" አለ፣ አንዴ "ነፋሱ አልከበደሽም?" አለ። ከአስካለ ደጅ ቆሜ ፎቶ አነሣኝ። "ለእማዬ አሳያት" አልኩት። "እሺ" አለ። አሁን ሳስበው አንድ ጊዜ እንኳ "እማዬ ደኅና ናት" ብሎ አላውቅም። ከአፉ እውነት ባይወጣም ያንን ያህል ውሸት ደግሞ አልወጣለትም።

ዓርብ

አስካለ "ቡቲዬ ሂዱና የአባ ጉዮን ቤት እዩ፤ ሙዚየም ነው" አለችን። ቡቲዬ ከከተማው አጠገብ ናት። ቦዳ በሚሉት ሞተር ብስክሌት ተሳፈርን። እኔ በሕይወቴ ወጥቼበት አላውቅም፤ ወደ ጎን ተቀምጬ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ "ሰላም ለኪ" ስደግም ነጂው ለጌታሁን በተሰባበረ አማርኛ አንድ ነገር አለው። "ለእኔ ነው የምትጸልየው ወይስ ለራሷ ነው የሚልሽ" ብሎ ነገረኝ። "ለሞተሩ ነው በለው" አልኩ።

ሙዚየሙ አንድ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ። ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ ሙዚየም ወስደውን ነበር፤ እዚያ ሁሉም ነገር መስታወት ውስጥ ነው፤ "እንዳትነኩ" የሚል ዘበኛም አለ። አባ ጉዮ ግን ሽበታም ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው የገበያ ላይ አማርኛ ነው፤ ሴትም ወንድም ለእሳቸው አንድ ነው። "ያዝ! ያዝ! ካልያዝክ እንዴት ታውቃለህ?" እያሉ ዕቃውን ሁሉ እጃችን ላይ ያስቀምጣሉ። ከቀጭኔ ቆዳ የተሰፋ የጉድጓድ ውሃ መቅጃ ነበረ፤ ሰዎች ከሥር እስከ አፍ በደረጃ ቆመው እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ የሚያወጡበት። በርጩማ ነበረ። ከሁሉ የወደድኩት ግን ከዛፍ ሥር ተፈትሎ የተሰፋ የወተት ዕቃ ነው፤ ወተቱ የማያንጠባጥብ፣ ሲሸቱት ጭስ ጭስ የሚል። እኛ አገር ከስንደዶ ሰፌድ እንሰፋለን፤ ወተት የሚይዝ ግን ማን ይሰፋል!

"ይሄ እናቴ ሰፋ" አሉ አባ ጉዮ፤ ሁለት እጃቸውን ከሥሩ አድርገው። "እሷ ሄደ። ወተት አላደርግበትም። ዝም ብዬ አያለሁ።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "እናትህ አለ?"

"አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። "ልትመጣ ነበር፤ ጉልበቷ እምቢ አላት።"

አባ ጉዮ በትራቸውን አነሡና በራሳቸው ቋንቋ መረቁ። ዕድሜዋ ይርዘም፣ ውሎዋ ሰላም፣ አዳሯ ሰላም ይሁን ማለታቸው እንደሆነ ነገሩን፤ "በሉ እንጂ፣ ምርቃት ባዶ አይመለስ" አሉን። ድምፄን ከፍ አድርጌ "አሜን" አልኩ። ብቻዬን ነበር ያልኩት። ጌታሁን ወጥቶ ሄዷል። ዘውድነሽ የወተቱን ዕቃ አቅፋ ግድግዳውን ታያለች።

ስንመለስ ከሞተሩ ላይ ሳልጨፍን አገሩን እያየሁ መጣሁ። ያ ሽማግሌ የእናቱን ዕቃ የያዘበት አያያዝ ከዐይኔ አልጠፋ አለ። እኔ እናት እያለችኝ በፎቶ ልሸኛት ነው ወይ አልኩ።

ቅዳሜ

ቁርስ ላይ ነገርኳቸው።

"ሰኞ ስትሄዱ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

"ወዴት?" አለ ጌታሁን።

"ወደ እማዬ ነዋ! ጉልበቷ ካልመጣላት የእኔ ይሄዳል።"

"ወረቀትሽስ? መመለሻ የለሽም እኮ።"

"አልመለስም። ልብስ መስፋት ደብረ ሲናም ይሰፋል።"

"አይሆንም፣ እትዬ።"

"ለምን?"

እጁን ከቁርሱ ሰበሰበ። ዘውድነሽን አየኋት፤ ሻሿን አጠበቀች። ያን ጊዜ ተናደድኩ፤ በጾም በጸሎት ያለሁ ሰው ልናገረው የማይገባኝን ተናገርኩ። "እናቴን እንዳላይ ከድንበሩ ፖሊስ ይልቅ የከፋኸኝ አንተ ነህ። ርስት አለ ወይ የምትደብቀኝ? ቤቱን ሸጠኸዋል?" አልኩት። ወንድሜ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝና "ነገ ጠዋት እንነጋገር፤ እስከ ነገ ብቻ ታገሺኝ" ብሎ ወጣ። ቀኑን ሙሉ አላየሁትም።

እዚህ ላይ አገራቸውን ለማያውቁ፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ልንገራቸው። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። የሚነገረው ሲነጋጋ ነው፤ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ አንዱ ይዞ፣ አንዱ ደግፎ፣ ሁሉ አብሮ እየጮኸ። ጌታሁን አስቦ የመጣው እኔን ይዞ ወደ ናይሮቢ ሊሻገርና እዚያ ባሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል ሊያስነግረኝ ኖሯል፤ የመግቢያ ፈቃዱ ግን ከሞያሌ እንዳያልፍ ሆኖ ተሰጠው። ታዲያ እህቱን በማን መካከል ያርዳት? ሞያሌ ውስጥ እኔን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እኔ ወደ እናቴ እሄዳለሁ ባልኩበት በዚያ ቀን ወንድሜ ዘመድ ፍለጋ ወጣ። ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ "እህቴ ናት፤ እናቷ ሞታባት አላወቀችም፤ ነገ በጠዋት ሰው ሁኑልኝ" እያለ ለመነ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ወደ ግቢው መግባት ጀመሩ። "ምንድነው?" ብዬ አስካለን ጠየቅኳት።

"ነገ የማኅበር ተራዬ ነው" አለችኝ፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

ማኅበር ሲሉኝ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ? ነጠላዬን አደግድጌ ወንበሩን አብሬ ተሸከምኩ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ጥላው የሚወድቅበትን አይቼ ከግራሩ ሥር ደረደርኳቸው፤ ለሽማግሌዎች መደገፊያ ያለውን መርጬ ከፊት አደረግሁ። ብርጭቆ አጠብኩ። ከጎኔ ላለው ሰው፣ "ይኸው፣ ከናይሮቢ ማኅበርተኛ አስመጥታችሁ ታሠራላችሁ!" አልኩት። ሰውዬው ወንበሩን አስቀምጦ ሄደ። እንዴት ያለ ቀልድ የማያውቅ ነው አልኩ።

ማምሻውን ሻምበል የሚባል ከባድ መኪና ሹፌር መጣ። መኪናውን የጉምሩክ ወረቀት እስኪያልቅለት አቁሞ የሚጠብቅ ነው። የጣርማ በር ሰው መሆኑን ስሰማ ዘለልኩ። "የአገሬ ሰው! ጉሙ እንዴት ነው? ገብሱ ያዘ?"

"ይዟል፣ እህት ዓለም። ጉሙም ደኅና ነው" አለኝ። ጉም ደኅና ነው ይባላል? ዐይኔን ግን አላየኝም።

እሑድ

የነቃሁት በሽታ ነው። ገና አልነጋም፤ ወገግ ብሏል። ከምድጃው በኩል ስንዴና ባቄላ አብሮ ሲቀቀል ሸተተኝ። ንፍሮ። ንፍሮ ለማኅበር አይቀቀልም። ለአፍታ ጎረቤት ሰው ሞቶ ይሆናል አልኩና ማተቤን ያዝኩ። ዞር ስል ዘውድነሽ ከአልጋዬ እግርጌ ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች። ሻሿን ፈትታዋለች፤ ጸጉሯ ከሥሩ ተላጭቷል።

አልጮኽኩም። "ቆይ፣ ጸሎቴን ላድርስ" አልኳት።

ዘወትር ጠዋት መጀመሪያ ለሕያዋን፣ ቀጥሎ ለሙታን ነው የምለምነው። ከሕያዋን የማስቀድማት እሷን ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ስሟን ልጠራ አልኩ፤ አልወጣም። አልፌያት ወደ ወንድሞቼ፣ ወደ ልጆቻቸው ሄድኩ። ወደ ሙታን ስደርስ አባቴን ጠራሁ፤ አያቶቼን ጠራሁ። ከዚያ እሷን ጠራኋት።

ዘውድነሽ ደግፋ አወጣችኝ። ግቢው ሞልቷል። እኔ የደረደርኳቸው ወንበሮች ላይ የማላውቃቸው ሰዎች፤ ነጋዴዎች፣ ሹፌሮች፣ አለባበሳቸው ሲታይ ማታውኑ ከማዶ የተሻገሩ የሚመስሉ ሴቶች። ከኋላ ደግሞ የጎረቤት የቦረና ሴቶች ወተትና ስኳር ይዘው፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሁሉም ለእኔ ሲሉ ተነሡ።

ሻምበል ወደ ፊት መጣ። የአገሬ ሰው ተብሎ የተመረጠ እሱ ኖሯል። "እህቴ እልፍነሽ" አለ፤ "የሰው ልጅ መንገደኛ ነው። እናታችን..."

"አውቄያለሁ" አልኩት። "አውቄያለሁ፣ ወንድሜ፤ አትቸገር።"

ያን ጊዜ ጌታሁን ከወንበሩ ላይ ወደቀ። ወር ሙሉ የያዘው ነው የወጣው። ያ ሁሉ የማያውቀን ሰው እሪ አለ። አስካለ ደረቷን እየመታች፣ ከወንድሜ ስለ እናቴ ጠይቃ ያዘጋጀችውን ሙሾ አወረደች፤

እመጣለሁ ብላ መንገዱን ሳይ ሳይ፣
አፈር ቀደመባት እኔን ሳታይ።

እናቴን በዐይኗ ያላየች ሴት ናት። እንደ እናቷ አለቀሰችላት። በኋላ ሲረጋጋ አጠገቤ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፤ "የአባቴን መርዶ በስልክ ነው የሰማሁት፣ ሱቅ ሳለሁ። ስኳር እየመዘንኩ ነበር። መዝኜ፣ ቋጥሬ፣ ሰጥቼ ነው ያለቀስኩት። ማንም አልያዘኝም። ወንድምሽ ደጄ መጥቶ ሲለምነኝ እንዴት እምቢ ልበለው?" ዙሪያዬን አየሁ። እያንዳንዱ ብቻውን የሰማው አንድ መርዶ ነበረው መሰለኝ። ከቅዳሴ በኋላ ከማዶ ቄስ መጥተው የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። "ወለተ ሥላሴ" አልኩ። ጸለዩላት።

ሰኞ

አርባዋ ረቡዕ ነው። እነ ጌታሁን ለተዝካሩ ለመድረስ ሰኞ ጠዋት መነሣት ነበረባቸው። እኔም ሻንጣዬን ዘግቼ ጠበቅኋቸው።

"እትዬ..."

"ሕያው ሆና ልደርስባት ነበር፤ አልተፈቀደልኝም። መቃብሯን ማን ይከለክለኛል? አርባዋን ከሰው ጋር እቆማለሁ። ወረቀቱ ከዚህ ወዲያ ለምኔ ነው?"

አልተከራከረኝም። ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። አስካለ እስከ መንገዱ ሸኝታን፣ "ሰው እንዳልነበረሽ አትቁጠሪ፤ ሞያሌ ሰው አለሽ" አለችኝ። ሦስታችን ወደ ድንበሩ ወረድን፤ ዘውድነሽ ትንሽ ቀደም ብላ ትሄዳለች። ድንበሩ ሲታይ ጌታሁን ቆመና ሻንጣውን መሬት አስቀመጠው።

"አንድ ነገር ሳልነግርሽ አትሻገሪም። እማዬ የመጨረሻዋ ቀን ላይ አንቺን ጠየቀችኝ። 'ልጄ ደረሰች ወይ?' አለችኝ። ቀኑ ገና ነበር፤ አንቺ ናይሮቢ ነሽ። ምን ልበላት? 'ደርሳለች፤ ሞያሌ ሆና እየጠበቀችሽ ነው' አልኳት።"

"ለእሷም ዋሸሃት?"

"ዋሸኋት። ደስ አላት፣ እትዬ። ልትነሣ ሁሉ ሞከረች። ከዚያ ምን አለች፤ 'እልፌ ትዕግሥት የላትም። ብዘገይባት መስመሩን ዘልላ እንዳትመጣ ንገሯት፤ ወረቀቷ ይበላሽባታል። እዚያው ትቁም፤ እኔ እደርስባታለሁ።' ከዚህ ሌላ አልተናገረችም።"

ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ፊታችን ላይ በተነው። ዘውድነሽ መስመሩን ተሻግራ ከወዲያ ቆማ ትጠብቀናለች። ሽንኩርት የተሸከሙ ሴቶች በአጠገባችን አለፉ። የኬንያው ፖሊስ እኔን ከሻንጣዬ አጠገብ ቆሜ ሲያየኝ የምፈራ መስሎት ራራልኝ፤ ወረቀትም አልጠየቀኝም፤ በእጁ እያሳየ "ፒታ፣ ማማ፣ ፒታ" አለኝ። እለፊ ማለቱ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ያንን ቃል ነበር የምጠብቀው።

"አልሻገርም" አልኩት በአማርኛ። ጌታሁንን አቅፌ ሳምኩት፤ ሻንጣዬን ከመሬት አነሣሁ። "አንተ ሂድ። አርባዋን አንተ ቁምላት። እናቴ ልጄ እዚህ ቆማለች ብላ ነው የሄደችው፤ ስትሄድ የተወችኝ ቦታ ይኸ ነው።"

ተሻገረ። ዘውድነሽ እጇን አነሣችልኝ። እስከ ቀትር ድረስ እዚያው ቆምኩ፤ ፖሊሱ ከጥላው ሥር ወንበር አውጥቶ ሰጠኝ፤ ምንም አልጠየቀኝም።